ስለ መኪና የፊት መብራት ጉድለት

ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእንዲህ ያለው የደጋ መንገድ የሌሊት አደጋ ሲነሣ ጥፋቱ ሁሉ በሾፌሩ ፍጥነት ይላከካል። ይህ ፍርድ ለእኛ ጎደሎ ነው።

አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። በግራ ለሚነዳ አገር ተሠርቶ መሪው ብቻ የተዛወረ መኪና ግን የአጭር መብራቱ ጨረር ወደ ግራ፣ ማለት ወደ መጪው ሾፌር ዓይን፣ ከፍ ይላል። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤል ኢ ዲ አምፖል የሚያስገባውም ብርሃን ጨመርሁ ሲል ጨረሩን ይበትናል። የደበዘዘው የፕላስቲክ መሸፈኛ ደግሞ ጉም በወረደ ጊዜ ከፊት ያለውን ጋሪ ከራሱ ከባለንብረቱ ይሰውራል።

ስለዚህ በዓመታዊው ምርመራ መብራቱ መሥራቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ጨረሩ የት እንደሚያርፍም መለካት ይገባል። ለዚህ ደልዳላ መሬትና አንድ ግድግዳ እንጂ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።