ውል፣ ፈቃድና ርስት በ«ክሪስቲን ላቭራንስዳተር»

ታሪካዊ ልቦለድ ያለፈውን ዘመን አልባሳትና ግብር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ከጌጥነት አያልፍም። ዋጋው የሚመዘነው የዘመኑን ሰዎች አስሮ የያዘውን ማኅበራዊ ግንኙነት ገልጦ ለማሳየት ባለው ብቃት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ የኖርዌይዋ ደራሲ ሲግሪድ ኡንድሴት እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1922 በሦስት ቅጽ ያሳተመችው «ክሪስቲን ላቭራንስዳተር» ከፍ ያለ ስፍራ ይገባዋል። ደራሲዋ በ1928 የኖቤልን ሽልማት ያገኘችውም በተለይ የሰሜን አውሮፓን የመካከለኛ ዘመን ሕይወት አጕልታ በመሣሏ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ14ኛው መቶ ዓመት ኖርዌይ ነው። ባለርስቱ ላቭራንስ ልጁን ክሪስቲንን ለሲሞን ዳሬ ያጫታል። ጋብቻው ርስት ከርስት፣ ወገን ከወገን የሚጣመርበት ውል ነው። ክሪስቲን ግን በኦስሎ ገዳም ተቀምጣ ሳለች የመሳፍንት ወገን የሆነው ኤርሌንድ ፍቅር ይይዛታል። እጮኝነቱ ይፈርሳል፤ አባቷም ብዙ ካንገራገረ በኋላ እያዘነ ለኤርሌንድ ይድራታል።

የልቦለዱ ብርታት ክፉ አባትና ክፉ እጮኛ አለመፍጠሩ ነው። ላቭራንስ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት አባት ነው፤ ሲሞንም ቅንና ታጋሽ ሰው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ልዩነቱን ይረዳል። በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት አንባቢ ይስቃል፣ ይቆጣልም፤ በላቭራንስ ላይ ግን ለመፍረድ ይቸገራል። ስለዚህ የጥፋቱን ምንጭ ከግለሰብ ጠባይ አልፎ በልማዱ ውስጥ ለመፈለግ ይገደዳል።

ይህ አሳብ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በመጀመሪያው ቅጽ መዝጊያ ነው። በክሪስቲን የሠርግ ሌሊት እናቷ ራግንፍሪድ፣ ከጋብቻቸው በፊት ሌላ ሰው እንደ ነበራት ለባሏ ትናዘዛለች። እነርሱም በወላጆቻቸው ውሳኔ የተጋቡ ናቸው። በአገር የተከበሩት ባልና ሚስት ልጅ ወልደው፣ ልጅ ቀብረው፣ ልጅ እስኪድሩ ድረስ አንዱ የሌላውን ልብ ሳያውቅ ኖረዋል። ደራሲዋ ያለ ስብከት፣ በአንድ ሌሊት ንግግር የውል ጋብቻን ዋጋ ታሳያለች።

ሆኖም በፈቃድ የተመሠረተውም ትዳር ከችግር አያመልጥም። ክሪስቲን የተጐሳቈለውን የኤርሌንድን ርስት ሁሳቢን በጥረቷ ታቀናለች፤ እርሱ ግን በንጉሡ ላይ በተጠነሰሰ ሤራ ተይዞ ርስቱን ያጣል። የሴቲቱ ኑሮ በባሏ መሬትና ዕድል ላይ እስከ ተንጠለጠለ ድረስ ባልን መምረጥ ብቻውን ነፃነት እንደማይሆን መጽሐፉ በግልጽ ያስረዳል።

ጉድለትም አለው። ርስቱን በላባቸው የሚያለሙት አገልጋዮችና ጭሰኞች የሚታዩት በአብዛኛው ከእመቤቲቱ መስኮት ነው። የክሪስቲን ትግል መፍቻም በ1349 ወረርሽኝ ሳይቀጥፋት በፊት በምትገባበት የንስሐ ሕይወት ውስጥ ይፈለጋል፤ ማኅበራዊው ጥያቄ ግን እንደ ተከፈተ ይቀራል።

ይህም ቢሆን ስለ ጥንቱ ጋብቻ ለሚጽፍ ደራሲ ትምህርቱ ጽኑ ነው። ጨካኝን ሰው ማውገዝ ቀላል ነው፤ ደግ ሰዎች ሳይቀሩ የሚያስፈጽሙትን ልማድ መግለጥ ግን የጥበብ ታላቅ ኃላፊነት ነው።