በእንፍራንዝ በኩል ወደ ጎርጎራ

ነገሩ የ2002 ዓ.ም. ፋሲካ ማግስት ነው። የአራት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። “ከባሕር ዳር ወጣ ብለን ሐይቁን ከሌላ ወገን እንየው” ተባለና ቤት ውስጥ ክርክር ተጀመረ። ባለቤቴ “ጎርጎራ” አለች። እኔ ደግሞ ለወጉ ያህል “እንፍራንዝ” አልኩ። ልጆቹ “ዋና ያለው የትኛው ጋ ነው?” አሉ። (የትኛውም ጋ! ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ ቢባሉ ማን ይሰማል?)

እስቲ ሁለቱን እንመዝናቸው። እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። የሐይቅ ዳር ከተማ ናት ቢሏችሁ አትመኑ፤ ጣና የሚታየው ከሜዳው ማዶ፣ ራቅ ብሎ ነው። ነገር ግን ከበላይዋ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ አለላት። ግንቡን አሠሩት የሚባሉት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት። ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። እንግዲህ ጎንደር ሳትኖር እንፍራንዝ ግንብ ነበራት ማለት ነው! እዚያ ላይ ቆሞ ሜዳውንና ሐይቁን አንድ ላይ ያየ ሰው፣ ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጡት አስረዱኝ አይልም።

ጎርጎራ ግን ሌላ ናት። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደምቢያ በኩል ወርዳችሁ መንገዱ የሚያልቀው ውሃው ላይ ነው። ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሎቿ እዚያው ናት። ወጣ ብሎ ደግሞ አፄ ሱስንዮስና ኢየሱሳውያኑ ትተውት የሄዱት የአሮጌው ጎርጎራ ፍርስራሽ አለ። የደንገል ታንኳው፣ ዛፉ፣ ወፉ… ምን አለፋችሁ፣ በዓይን ከሆነ ፉክክሩ ገና ሳይጀመር ጎርጎራ አሸንፋለች።

ግን በዓይን ነው እንዴ የመረጥነው? ውሸት! እንፍራንዝ አክስቴ አለች።

አክስት ያለችበት አገር ደግሞ ለዕረፍት አይኬድም። ስኳርና ቡና ተሸክሞ ነው የሚኬደው። በግ ይታረዳል፤ ያ በግ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። መሽቶ እንኳ ጎረቤቱ እየገባ “ልጄ አሥረኛን ጨርሶ ቁጭ ብሏል፣ እስቲ አንተ ከተማ ነህ…” ይላል። ከተማ መሆን ሥልጣን ይመስለዋል እኮ! ጎርጎራ ግን የአልጋችንን ከፍለን፣ ቀረሶ አስጠብሰን በልተን፣ ማንም “የማን ልጅ ነህ?” ሳይለን እንመለሳለን። እኛ ደሞዝተኞች “መዝናናት” የምንለው ነገር ግማሹ ከዘመድ መሸሽ ነው፤ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም። የምንናገረው ስለ ጀንበር መጥለቅ ነው።

ችግሩ፣ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ በእንፍራንዝ መሐል ነው የሚያልፈው። በአክስቴ ደጅ ማለት ይቻላል። ባለቤቴ “በመርከብ እንሂድ” ብላ ነበር። ሳምንታዊው መርከብ ግን ቁንዝላ ያድርና በማግስቱ ነው ጎርጎራ የሚደርሰው፤ የአራት ቀን ፈቃድ ይዞ አይሆንም።

ተከራይተን ሄድን። እንፍራንዝ ስንደርስ ሾፌሩ “እዚህ ምሳ እንብላ” አይል መሰላችሁ! “ማክሰኝት ይሻላል” አልኩት፤ አንገቴን ወደ ውስጥ ቀብሬ። ትንሿ ልጄ “አባዬ፣ የእትዬ ቤት አይደለም እንዴ?” አለች። ማንም አልመለሰላትም። ሰው ሁሉ በድንገት ሐይቁን ማየት ጀመረ፤ ከዚያ ቦታ ደግሞ ሐይቁ አይታይም።

ጎርጎራ እንደተባለችው ናት፤ አላማትም። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ታንኳውን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ ሳይ ቀና ብለው “አገርህ ወዴት ነው?” አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ። “አባቴ የእንፍራንዝ ሰው ነው” አልኩ። “የማን ልጅ?” አሉ። ነገርኳቸው። አያቴን ያውቋቸዋል! “ታዲያ እዚያ ዘመድ እያለህ እዚህ ምን ታደርጋለህ?” አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ደንገላቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። እምቦጭ ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያዘው፤ ዓሣ አጥማጁና ከብት አጠጪው ናቸው የደከሙበት። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ገበታ ለሀገር ደግሞ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠች፤ ሪዞርትም ተሠራላት። አልቃወምም። የሚገርመኝ፣ አገር ሲመርጥም እንደ እኔ ቤት መምረጡ ነው፤ ውሃ ዳር ያለው፣ ፎቶ የሚያምረው ይቀድማል። ጉዛራ ውሃ ዳር አይደለም፤ ስለዚህ ኮረብታው ላይ ሆኖ አላፊውን ያያል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ያ መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ፣ ለመዝናናት ቀርቶ ለለቅሶም ሰው አስቦ የሚነሳበት ሆነ። ጎርጎራ ወይስ እንፍራንዝ ብሎ መከራከር ራሱ ቅንጦት መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ መንገዱ ጠየቅኳት። ሁሉንም “ተመስገን” አለች። ልንለያይ ስንል ነው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

“ልጄ፣ ያኔ የማክሰኝቱ ምሳ ጥሩ ነበር?” ያለችኝ።