ቅንድብና ወረንጦ

ወረንጦ በመሠረቱ የእሾህ ጠላት ነው። ባዶ እግሩን ለሚሄድ ሰው ከቢላዋ ባልተናነሰ የሚያስፈልግ፣ ቀጥቃጭ የሠራው፣ ባንገት ክር ላይ ተንጠልጥሎ የሚዞር መሣሪያ ነበር። ዛሬ በከተማ እሾህ የሚወጋው ሰው ጥቂት ቢሆንም ወረንጦ ግን ሥራ አልፈታም። ከእግር ወደ ፊት ወጥቶ ቅንድብ ይለቅማል። በር ዘግታ፣ መስታወት ፊት ቆማ፣ ትንፋሿን ውጣ ፀጉር የምትነቅል ሴት (አሁን አሁን ወንዱም አልቀረም) ሳታውቀው የሃያሲ ሥራ እየሠራች ነው። ይኼ ይቆይ፣ ይኼ ይውጣ ትላለች። ሃያሲ ደግሞ በተራው ሂስ ሊቀርብበት ይገባል።

ቅንድብ የሚቀነድብ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መመሪያ አለች። እርሳስ ይነሣና ከአፍንጫ ጎን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፤ ቅንድብ መጀመር ያለበት እዚያ ነው ይባላል። እርሳሱ ከዚያው ከአፍንጫ ጎን ተነሥቶ በዓይን ብሌን በኩል ሲያልፍ ቅስቱ የሚጎብጥበትን፣ በዓይን ውጫዊ ጥግ በኩል ሲያልፍ ደግሞ ቅንድቡ የሚያልቅበትን ያሳያል። ከዚህ ውጭ የበቀለ ሁሉ ይነቀላል። መነሻውና መድረሻው ብዙ አያጣላኝም፤ ዳር ዳሩን የሚያጸዳ መለኪያ ነው። ችግሩ መካከለኛው ነጥብ ነው። ለመሆኑ ቅንድብ ሁሉ ቅስት ነው ያለው ማነው? ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቅንድብ አለ። መነሻው ወፍሮ ወደ ጥግ የሚወርድም አለ። እንዲህ ያለ ቅንድብ ያላት ሴት መመሪያዋን ልትፈጽም ከሥር ከሥሩ እየነቀለች ታሳሳዋለች። በመጨረሻ የምታገኘው ቅስት አይደለም፤ ከጧት እስከ ማታ የተገረመ ሰው ፊት ነው።

አንድ ዓይነት ቅንድብ ለሁሉ ማደልን እኛም አገር በሥዕል እናውቀዋለን። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ የሰፈረበት ሥዕል አለ። እርሱ በሠራቸው የእመቤታችን ሥዕሎች ላይ የእናቲቱም፣ የሕፃኑም፣ የመላእክቱም ቅንድብ ከአንድ እጅ የወጣ አንድ መስመር ነው። በብዙዎቹ የጥንት ሥዕሎቻችን የቅንድቡ መስመር ጎብጦ ሲወርድ የአፍንጫ መስመር ይሆናል። ኃጥኡ በጎን ስለሚሣል ደግሞ አንድ ዓይንና አንድ ቅንድብ ብቻ ነው የሚደርሰው። ይህን ሁሉ ሠዓሊው ፊት መለየት አቅቶት ያደረገው አይመስለኝም። ቅድስና የግል ንብረት አይደለም፤ ስለዚህ የቅዱሳን ፊት እርስ በርሱ ቢመሳሰል ትርጉም አለው። ጎረቤቴና የጎረቤቴ እኅት፣ የባንክ ገንዘብ ተቀባይዋና የሠርግ ሚዜዎቹ ሁሉ በአንድ ቅንድብ ሲመጡብኝ ግን ከጀርባው የማነበው ትርጉም የለም። ችኮላ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናገርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የታዋቂ ሰዎችን ፎቶግራፍ ወስደው ከአንዱ ዓይኖቹን፣ ከሌላው ቅንድቦቹን አጥፍተው ለተመልካቾች አሳዩ። ቅንድብ የሌለውን ፊት ለይቶ ማወቅ፣ ዓይን የሌለውን ከማወቅ ይበልጥ አስቸገራቸው። ልጅ ተወልዶ ዘመድ ሲሰበሰብ «ቁርጥ እናቷን!» የሚባለውን አስቡት። የሕፃን አፍንጫ ገና ቅርፁን አልያዘም፤ ያቺ በዓይኗ ላይ የተጋደመች ቀጭን ጥላ ግን የአያት የቅድመ አያት ፊርማ ትሆናለች። ደግሞም እኛ በቅንድብ የምንነጋገር ሰዎች ነን። ትንፋሽ ሳብ፣ ቅንድብ ብድግ ካደረግን «አዎ» ብለናል፤ ቃል አያስፈልግም። ቅንድቧ ነቀላው ራሱ ብድግ አድርጎ ያስቀረባት ልጅ «አዎ» ስትል በምን ይታወቃል? (ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።)

የቀጭን ቅንድብ ፋሽን ከሲኒማም መጥቷል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆሊውዷ ማርሌነ ዲትሪሽ የራሷን ቅንድብ ነቅላ፣ ከቦታው ከፍ አድርጋ በእርሳስ ሥላዋለች። ለጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ለስቱዲዮ መብራት የተሠራ ፊት ነበርና እዚያ ያምር ነበር። በ1990ዎቹም ፋሽኑ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን መብራቱ የለም፣ ቅንድቡ ብቻ። ከዚህ በተቃራኒ ያለችው የሜክሲኮዋ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ ናት። የገጠመ ቅንድቧን በራሷ ሥዕሎች ላይ ሳትሸሽግ ደጋግማ ሥላዋለች። በ1940 በሠራችው አንድ ሥዕል ባንገቷ የእሾህ ሐብል አጥልቃለች፤ ከሐብሉ ላይ ክንፏን የዘረጋች ትንሽ ሙት ወፍ ተንጠልጥላለች። የወፏ ክንፎች የሠዓሊዋን ቅንድብ ይደግማሉ። ለዚህች ሴት ወረንጦ ቢሰጧት እሾሁን ትነቅልበት ይሆናል እንጂ ቅንድቧን የምትነካ አይመስለኝም።

እንዲህ ስል ግን ቅንድብ አይነካ ማለቴ አይደለም። በእስልምና ቅንድብ መንቀልን የሚያወግዝ ሐዲስ እንዳለና ሊቃውንቱም በአተረጓጎሙ እንደሚለያዩ ጠቅሼ ልለፍ፤ የእኔ ነገር የአሠራሩ ነው። በአሠራሩ ደግሞ ከውበት ሳሎን ይልቅ ለቤቱ ወረንጦ አደላለሁ። ክር ብዙውን ፀጉር ባንዴ ጠርጎ ይሄዳል፤ ምላጭ ሲያዳልጥ ይቅርታ አያውቅም። ወረንጦ አንድ በአንድ ነው የሚነቅለው። በያንዳንዱ ፀጉር መካከል የማሰቢያ ጊዜ አለ፤ ማቆምም ይቻላል።

ማቆም የሚያቅተው በመስታወቱ ምክንያት ነው። በተለይ ያ ፊትን አጉልቶ የሚያሳየው ክብ መስታወት መጥፎ መካሪ ነው፤ ማንም ሰው በዚያ ርቀት አያየንም። እዚያ ውስጥ እያንዳንዷ ፀጉር ጥፋተኛ ትመስላለች። ከግራው ትንሽ ይወጣል፤ ቀኙ በለጠ፤ ከቀኙ ይወጣል፤ አሁን ደግሞ ግራው በለጠ። «ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚባለው ለዚህ ነው። ፊት በተፈጥሮው ግራና ቀኙ እኩል አይደለምና እኩል ለማድረግ መሞከር መጨረሻ የለውም። የሚሻለው መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ተራውን መስታወት አቁሞ፣ ሁለት ሦስት ፀጉር በተነቀለ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። ወረንጦው በአልኮል ይጠረግ፤ ፊት ታጥቦ ቆዳው ሲለሰልስ ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ይሳብ። በተቃራኒው ሲሳብ ፀጉሩ ይበጠስና ቆዳ ውስጥ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቡግር ያወጣል። በሁለቱ ቅንድቦች መካከልና ከቅስቱ በታች ተበትኖ የበቀለው ይውጣ። የላይኛው መስመር ባይነካ እመርጣለሁ፤ የዘር ፊርማ ያልኩት በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተቱ የማይታረም ሲሆን ነው። የተነቀለ የቅንድብ ፀጉር ሞልቶ ለመመለስ እስከ አራት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ለዓመታት ከአንድ ቦታ ሲነቀል ደግሞ ሥሩ ተጎድቶ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። ቀጭን ቅንድብ ያማረባቸው የዚያ ዘመን ልጃገረዶች ፋሽኑ ወደ ወፍራም ሲዞር ባዶ ቦታ ይዘው የቀሩ አሉ። ዛሬ ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ቀለም በመርፌ ይነቀሳል። አያቶቻችን ግንባራቸውንና አንገታቸውን ሲነቀሱ ንቅሳት መሆኑን አልካዱም፤ የአሁኑ ግን ፀጉር ነኝ ይላል። ባዶ ቦታ ላለባት ሴት ተራው የቅንድብ እርሳስ ይበልጣል፤ ማታ ይታጠባል። ሲሣልም እንደ ጎዳና ባንድ ወጥ መስመር አይሁን። በአጫጭር ጭረት፣ ፀጉር በፀጉር፣ እጅ ሳይጫን ነው።