የአንዲት ጭረት ነገር

ይህን መጣጥፍ ያስጻፈኝን ነገር መጽሐፍ ለማለት ይከብደኛል። ደራሲ የለውም፤ አሳታሚ የለውም፤ የታተመበት ዓመትም አልተጻፈበትም። ስልሳ ገጽ ግድም የሆነ፣ በሁለት ሽቦ የተያያዘ፣ ከቅጂ ላይ ተቀድቶ ፊደሉ እዚህም እዚያም የደበዘዘ የፎቶኮፒ ጥራዝ ነው። ለመምህርነት ለሚዘጋጁ የሚሆን የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ሥርዓተ ነጥብና የንግግር ጥበብ መሠረት እንደያዘ ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። ያመጣችልኝ እዚሁ ባቱ (ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ ማለቱን ያልተውናት ከተማ) የጎረቤቴ ልጅ ናት። መምህርት መሆን ትፈልጋለች። ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ይቺን አንዴ ይመልከቱልኝ። እሷን በቃሌ ብይዝ ይበቃኛል?›› አለችኝ። እኔም ሦስት ምሽት ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

አንባቢ ‹‹የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ የፎቶኮፒ ሂስ ምን አመጣው?›› ሊለኝ ይችላል። መልሴ አጭር ነው። በየከተማው ብዙ እጅ የነካው፣ ብዙ ጣት ያጠቆረው ንባብ እንዲህ ያለው ነው። ልብ ወለድ ቢበላሽ የአንድ አንባቢ አንድ ምሽት ይባክናል። ይህኛው ቢበላሽ ግን አንዲት መምህርት ትበላሻለች፤ እሷ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይጠብቃታል። ታዲያ ሂስ የሚያሻው የቱ ነው?

ከመልካሙ ልጀምር። ጥራዙ የሰነፍ ሥራ አይደለም። አሥራ ሁለቱ የግሥ ጊዜያት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ተደርድረዋል፤ እኔ በተማርኩበት ዘመን እንዲህ ጥርት ብለው የተቀመጡበት አላየሁም። ከደንብ የወጡት ግሦች ዝርዝርም የሚያኮራ ነው። ምሳሌዎቹ ግን ጆንና ሜሪ ናቸው። ጆን በባቡር ወደ ለንደን ይሄዳል፤ ሜሪ ሻይ ከመጠጣቷ በፊት ደብዳቤ ጽፋለች። ጆንን አልጠላውም፤ እኔም ከእሱ ጋር ነው ያደግሁት። ችግሩ ጆን አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ልጅ መሆኑ ነው። እሱ ቋንቋውን ያውቀዋል፤ የቸገረው የክፍሎቹ ስም ብቻ ነው።

የነገሩን ሥር ለማየት ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ሊንድሊ መሪ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ሰው እንግሊዝ አገር ዮርክ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ፣ የአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህራን ቢጠይቁት በ1795 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አሳተመ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሰዋስው መማሪያዎች ሁሉ አባት ሆኖ ኖረ። ደንቡን ተናገር፤ በቃል አስይዝ፤ ጠማማ ዓረፍተ ነገር ሰጥተህ አቃና በል። ለዮርክ ልጃገረዶች ይህ ይበቃ ነበር፤ እንግሊዝኛውን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታልና። የእኛ ባለ ስልሳ ገጽ ጥራዝ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የዚያ መጽሐፍ የልጅ ልጅ ሆኖ ባቱ ላይ ብቅ ሲል ግን የሚያነጋግረው ሰው ተለውጧል፤ እሱ ይህን ገና አልሰማም።

እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ ገበያ ወርደው አማርኛ ይነጋገራሉ፤ ከሐይቁ ደሴቶች የመጡት ደግሞ ዛይኛም አላቸው። ጥራዙ እነዚህን ሁሉ እንደ ባዶ ስልቻ ይቆጥራቸዋል።

‹‹ዘ ማን ሁም አይ ሶው ሂም›› ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያላጋጠመው የእንግሊዝኛ መምህር በአገራችን ካለ እጁን ያውጣ። ጥራዙ ‹‹ተውላጠ ስሙን አትድገም›› ብሎ ያልፋል። ለመሆኑ ልጁ ለምን ይደግመዋል? ‹‹ያየሁት ሰውዬ›› የሚለውን ልብ ይሏል። ‹‹ያየሁት›› ላይ ያለችው ‹‹ት›› እኮ ‹‹እሱን›› ማለት ናት። ልጁ ደህና አማርኛ የሚፈልገውን ይዞ ድንበር ተሻገረ እንጂ አልዘባረቀም። እናቱ ስትጠራው ገና ከተቀመጠበት ሳይነሣ ‹‹መጣሁ!›› ሲል ያደገ ልጅም፣ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ‹‹አይ ኬም›› ቢል ምን ይደንቃል? ይህን የሚያስረዱ መጻሕፍት ጠፍተው አይደለም። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስው አለ፤ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት አለ። እጩ መምህራችን ግን እነዚህን የአማርኛ መምህር ጉዳይ ናቸው ብላ፣ የእንግሊዝኛውን ደግሞ የእንግሊዝ ጉዳይ ነው ብላ ለየብቻ ትይዛቸዋለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያት የለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በ1990ዎቹ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ‹‹ጎኢንግ›› የሚለውን ቃል ስትጽፍ ‹‹ኦ›› እና ‹‹አይ›› በሚባሉት ፊደላት መካከል አፖስትሮፊ ትጨምራለች። ‹‹ቢኢንግ›› ላይም እንዲሁ፤ ‹‹ክሪኤት›› ላይም እንዲሁ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ፤ ጠርዙ ላይ ‹‹ግድየለሽነት!›› ብዬ እጽፋለሁ። ብቻዋን አልነበረችም፤ በየዓመቱ እንደ እሷ የሚጽፉ ይመጡ ነበር። እኔም ‹‹የዘንድሮ ልጆች!›› እያልኩ በየዓመቱ ሰረዝኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የሰፈር ልጅ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፉን ይዞ እደጄ ተቀምጦ ሲያነብ፣ ያቺን ጭረት ገጹ ላይ ፈሳ አየኋት። ‹‹ይቺ ምንድን ናት?›› አልኩት። ‹‹ሁዻ ናታ!›› አለኝ፣ አለማወቄ እያስገረመው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ያቺ ጭረት ድምፅን የምትወክል ሆና ገብታለች። በአፋን ኦሮሞ ሁለት የተለያዩ አናባቢዎች ተነካክተው አይሄዱም፤ መሐላቸው ጉሮሮ እንደ መዘጋት ይላል፤ ያ መዘጋት በሁዻ ይጻፋል። ‹‹ቡኣ›› ሲል (ፍሬ፣ ጥቅም ማለት ነው) አለች፤ ‹‹ሀርአ›› ሲልም (ዛሬ ማለት ነው) አለች። ተማሪዬ ‹‹ጎኢንግ›› የሚለውን እኔው ራሴ በምጠራበት አጠራር ሰማችው፤ መሐሉ ላይ መቆረጡን በጆሮዋ ለየች፤ በምታውቀው ሕግ ጻፈችው። ከክፍሉ ሁሉ ከእሷ የተጠነቀቀ አልነበረም። ግድየለሹ እኔ ነበርኩ። እዚህ አገር ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጬ፣ አፋን ኦሮሞውን ለገበያ ያህል እየተናገርኩ፣ ተማሪዎቼ ማንበብ የተማሩበትን ፊደል አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም ነበር።

ጥራዙ ስለ አፖስትሮፊ አምስት መስመር ጽፏል፤ ባለቤትነትንና የፊደል መቀነስን ያሳያል ይላል። ልክ ነው። ለባቱ መምህርት ግን ስድስተኛው መስመር ነበር ዋናው።

ፊደሉም ቢሆን ያው ነው። ቁቤና እንግሊዝኛ አንድ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። በቁቤ ‹‹ሲ›› የምንላት ፊደል ‹‹ጨ›› ናት፤ ‹‹ኤክስ›› ደግሞ ‹‹ጠ››። ስለዚህ ሲክስን ‹‹ሲጥ››፣ ቦክስን ‹‹ቦጥ›› የሚል ጀማሪ በትክክል እያነበበ ነው፤ ያነበበው ግን በሌላው ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛዋ ድመት ‹‹ካት›› በዚሁ መንገድ ወደ ጫት ስትጠጋ ክፍሉ በሳቅ ያውካል። መምህሯ ምክንያቱን ካወቀች ሳቁ ራሱ ትምህርት ይሆንላታል፤ ካላወቀች አንድ ልጅ አፍሮ ይቀመጣል። ፊደል መደራረብም አለ። በቁቤ የተደረበ ተነባቢ ሁልጊዜ ጠብቆ ይሰማል። እንግሊዝኛ ግን ‹‹ኤን›› ፊደልን ደርቦ ‹‹ዲነር››፣ ነጠላ አድርጎ ‹‹ዳይነር›› ሲያሰኝ፣ ድርቡ የሚናገረው ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው። ይህን በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ይቻል ነበር። ጥራዙ ያንን ቦታ ለሜሪ ሻይ ሰጥቶታል።

ወደ ሥርዓተ ነጥቡ ልለፍ። አሥር የኮማ ደንብ ተቆጥሯል። የልጆቹን ደብተር ያየ ሰው ግን ዋናው በሽታ ፉልስቶፕ በሚገባበት ኮማ ማስገባት መሆኑን ያውቃል፤ ምክንያቱንም ከራሳችን ዓረፍተ ነገር ያገኘዋል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ይመጣል፤ በአፋን ኦሮሞም ‹‹ኢኒ ቢሻን ዹጌ›› ማለት እሱ ውሃ ጠጣ ነው። ግሡ ሲመጣ ነገሩ መዘጋቱን ጆሮ ያውቀዋል፤ አራት ነጥቡ ማኅተም ይመታበታል እንጂ አዲስ ነገር አይነግርም። ‹‹ነግቶለት፣ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ ሐይቁ ወረደ›› ስንል አራት ጊዜ ብንተነፍስም ሁላችንም ‹‹ወረደ››ን እየጠበቅን ነው። እንግሊዝኛ ግሡን ገና ከባለቤቱ ቀጥሎ ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ በወረቀት ላይ የምትነግረው ያቺ አንዲት ነጥብ ናት። እነዚያ አራቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ሙሉ ግሥ ይሆናሉ፤ ልጁ ግን ኮማቸውን እንደያዙ ያሻግራቸዋል። ይህን ያወቀች መምህርት ምን እንደምታርም ታውቃለች። አሥሩን ደንብ በቃሏ የያዘችው ደግሞ ደንብ ቁጥር ስንት እንደተጣሰ ታውቃለች።

የንግግር ጥበብ የተባለው ክፍል ገጽ ተኩል ነው፤ ዘይቤዎች ተዘርዝረዋል፤ እንደ አንበሳ ጀግና፣ ወዘተ። ከዚህ ይልቅ ያስቆጨኝ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ነው፤ ‹‹የአንቀጹ ዋና ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ››። ለምን? አይልም። በ1966 እ.ኤ.አ. ሮበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የየቋንቋውን የአንቀጽ አካሄድ በሥዕል አሳይቶ ነበር፤ የእንግሊዝኛው ቀጥ ያለ መስመር፣ የሴማውያኑ ዝግዛግ፣ የምሥራቁ ጥምዝ። በዚህ ብዙ ተተችቷል፤ እኔም የሰውን አእምሮ በአምስት መስመር መሣል አልወድም። ነገር ግን አንድ እውነት ነክቷል። በምሳሌያዊ አነጋገር ጀምሮ፣ ነገሩን ዙሪያውን አሽቶ፣ ፍሬውን መጨረሻ ላይ ዱብ የሚያደርግ ሽማግሌ ሥር ያደገ ልጅ፣ በበላ ልበልሃ የሚሟገቱ ሰዎች ወግ ያልጠፋበት አገር ልጅ፣ ሐሳቡን ወደ መጨረሻ ቢያቆይ የንግግር ጥበብ አጥቶ አይደለም። የእንግሊዞቹ ትምህርት ቤት ሌላ ልማድ እንዳለው፣ እዚያ አንባቢው መጀመሪያ ፍርዱን ሰምቶ ማስረጃውን ኋላ እንደሚመዝን ይነገረው። ያን ጊዜ ሁለት ጥበብ ይኖረዋል። ያለበለዚያ ደብተሩ ላይ ‹‹ዋና ሐሳብ የለውም›› ተብሎ ይጻፍበታል፤ እሱም ያምናል።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ቁጥሩን ይይ። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ላይ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይጋፈጣል። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋ ላይ አልጭንም፤ ሌላም ብዙ ጉድ አለ። ግን ፈተናው የተጻፈው በምን ቋንቋ ነበር?

ለልጅቷ ‹‹አይበቃሽም፤ ግን አትጣዪው›› ብዬ ጥራዙን መለስኩላት። ከኋላው አሥር ነጭ ወረቀት ሰፋሁበት፤ እያንዳንዱን ለሦስት ከፈልነው፤ አንዱ ለእንግሊዝኛ፣ አንዱ ለአፋን ኦሮሞ፣ አንዱ ለአማርኛ። የሰፈር ልጆች በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን እንዳለ እንድትገለብጥና ከየት እንደመጣ እንድትፈልግ ነገርኳት። ቁቤውን እኔ ከእሷ እማራለሁ። ባለፈው እሑድ የመጀመሪያውን ገጽ ሞልታ መጣች። አንዱ ልጅ ‹‹ማይ ፋዘር ፊሽ ካች›› ብሎ ጽፎላታል። አልሰረዘችውም፤ ከጎኑ ያንኑ በአፋን ኦሮሞ ጽፋ ግሡን ከግሡ ጋር በእርሳስ መስመር አገናኝታዋለች። የኮማው ነገር አልደረሰንም፤ ለሚመጣው እሑድ ቀጥረነዋል።