ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆዳ

የድምፅ ጥራት እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች አሉ። አምፕሊፋየራቸውን ከፍተው 20 ሚሊሜትር ርዝመት ያላትን ባለመስታወት ፊውዝ ይነቅሉና በብር ወይም በወርቅ የተለበጠ፣ ዋጋው በመቶ ዶላሮች የሚቆጠር ሌላ ፊውዝ ይሰኩበታል። አንዳንዱ ላይ የኤሌክትሪኩን መግቢያ የሚያሳይ ቀስት ሳይቀር ተስሎበታል። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ይቀያይራል፤ ቀስቱን የቱ ጊዜ ያክብረው? ፊውዝ ኃይል ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ ዕቃውን ያድናል፣ ሥራው ይኸው ነው። ፃግብጂ ወረዳ በባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ ለሚሰማ ገበሬ ይህን ብታጫውቱት ሳቁን አይችለውም።

ይሁን እንጂ ትንሽ ዕቃ ድምፅ ትለውጣለች የሚለው ሐሳብ ራሱ ቅዠት አይደለም። ለውጡ ያለው ዕቃዋ በተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው። በገናን ቀረብ ብሎ ያየ ይገባዋል።

በገና ቁመቱ ከሜትር ያልፋል፤ ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ቀንበር፣ ከታች ቆዳ የለበሰ ገበታ አለው። ከበግ አንጀት የተፈተሉ 10 አውታሮች ከቀንበሩ ወርደው ገበታው ላይ በተቀመጠ በርኩማ የሚባል ድልድይ ላይ ያርፋሉ። በርኩማው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል፣ አውታሩን አቅፋ የምትቀመጥ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። የበገና ግርማ ከእሷ ነው።

እንዚራዋ አውታሩን አብዝታ ካነሳችው ድምፁ ንጹሕ ግን ቀጭን ይሆናል፣ ቶሎም ይሞታል። ካነሰች ደግሞ አውታሩ በርኩማው ላይ ተኝቶ ይታፈናል። በሁለቱ መካከል ፀጉር የማታህል ስፍራ አለች፦ አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር የበርኩማውን ፊት ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል፣ ያን ጊዜ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ያጉረመርማል። አዋቂው በአንድ እጁ አውታሩን እየመታ በሌላው ጥፍር እንዚራዋን ገፋ፣ መለስ ያደርጋታል። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚሠራው ጆሮው ነው። አንዱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ውፍረታቸው ስለማይገጥም የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። አንጀት እርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ በበጋ የተስተካከለው በክረምት እንደገና ይነካካል። ደርዳሪዎች ብዙውን ጊዜ 10ሩንም አያሰሙም፤ ከፊሎቹ መትቶ የሚመለስ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። እነዚያ አውታሮች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

በዚህ ማጉረምረም የህንዱ ባለአውታር መሣሪያ ታንፑራም የበገና ዘመድ ነው፤ እዚያ የእንዚራን ቦታ የያዘው ቀጭን የጥጥ ክር ነው።

ይህ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። በገና ደርዳሪው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ቅጂዎቻቸውን ለሚሰማ ሰው አንድ ነገር ልምከር፦ ዜማው ሲያልቅ አያጥፉት፣ የመጨረሻው አውታር እስኪሞት ይጠብቁ።

በዐቢይ ጾም ግን በገና በቀንድ ሞንታርቦ ሲለቀቅ ያበሳጨኛል። ቀንዱ ወፍራሙን ድምፅ ውጦ ቀጭን ጩኸት ብቻ ይተፋል፣ የእንዚራዋ ድካም ሁሉ መና ይቀራል። ለፊውዝ የሚወጣ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ሰፋ ያለ ስፒከር ይግዛልን።