የበረዶ ግግር የቆፈራቸው ሐይቆች

ከሚኒሶታ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከካናዳ ድንበር ጋር ተያይዞ የተዘረጋው ባውንደሪ ዋተርስ የሚባለው ጥብቅ ደን ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። ቆፋሪው የበረዶ ግግር ነው፤ ደካማውን ዐለት ፍቆ ወሰደና፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲያፈገፍግ ጉድጓዶቹ ውሃ ሞሉ። ጠንካራው ዐለት ግን ቀረ፤ ከፊሉ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። ዛሬም በየዳርቻው ገጥጦ ይታያል፤ ጥዱም በስንጥቁ ሥር ሰዷል።

ይበልጥ የሚደንቀው መልክዓ ምድሩ የጉዞውን ሥርዓት መወሰኑ ነው። ሐይቁ ሲያልቅ ታንኳን ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ መሻገር ግድ ነው፤ የኦጂብዌ ሕዝብ ለዘመናት የሄደበት መንገድ ዛሬም ያገለግላል። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም ሞተር ጀልባን ከአብዛኞቹ ሐይቆች አግዷል።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ ወገኖች፣ ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በሐምሌ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።