ሁለቱም ፊተኛ፦ ሰንበት በሰሊጥ ማሳ

ስለ ሰንበት አከባበር ከሚጽፉልን ሰዎች የግብርና ባለሙያው በዓላቱን ቆጥሮ የባከነ የሥራ ቀን ያወጣል፤ ሰባኪው ደግሞ የቅዳሴውን በረከት ይዘረዝራል። የሁለቱም ዓይን ባለማሳው ላይ ነው። በሰሊጥ አገሩ አብርሃ ጅራ ግን የሰንበት ፈተና ያለው በአጫጁ ዘንድ ነው።

የቅዳሜና የእሑድ ክርክር ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ከኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት እስከ ዘርዐ ያዕቆብ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አልደግመውም። እኔን ደጋግሞ የሚገርመኝ የሁለቱ ቀናት ስም ነው። ቅዳሜ የመጣው «ቀዳሚት» ከሚለው ግእዝ ነው፤ እሑድም የ«አሐዱ» ዘር ነው። ሁለቱም ፊተኛ ናቸው! ጉባኤው ሁለቱም ይከበሩ ብሎ ተነሣ፤ ማን ይቅደም የሚለውን አማርኛ እስከ ዛሬ አልፈረደም። አፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ቅዳሜን የምናከብራት እንደ አይሁድ ሳይሆን በቁርባንና በፍቅር ማዕድ ነው ብለው ለኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያን ለማስረዳት ደክመዋል። ገበሬው ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፤ ቅዳሜ አያርስም፣ ገበያ ግን ይወጣል። እህል ተሸክሞ ሦስት ሰዓት መንገድ መሄድ ሰንበት አይሽርም፤ ሞፈር ማንሣት ይሽራል። ማጭድ፣ ወፍጮ፣ እንዝርት፣ መጥረቢያ ሲያርፉ ሰንበት ተከበረ ይባላል። ይህን ግብዝነት የሚሉት አሉ። ለእኔ ግን ጎረቤት በዓይኑ አይቶ የሚዳኘው፣ ከብዙ ድርሳን የጠራ ሕግ ነው።

ቆላ ሲወርዱ ይህ ሕግ ዳኛ ያጣል። ደጋ ላይ በዓል የሻረ ሰው በረዶ አመጣብን ተብሎ ይጠየቃል። በምዕራብ አርማጭሆና በመተማ ሰሊጥ የሚያጭደው ግን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የወረደ እንግዳ ነው፤ ደብሩም ሰንበቴውም ሩቅ ናቸው። ሰሊጡም ቀን አይሰጥም፤ ሲደርስ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ በ321 እ.ኤ.አ. ከተሜውን በእሑድ ሲያሳርፍ ገበሬውን የለቀቀው፣ ምቹ ቀን ካመለጠ አይገኝም በሚል ነበር። ሰሊጥ ያየ ሰው ይህን ምክንያት አይንቅም።

ጥያቄው በሰንበት የማጨድ ፈቃድ ዋጋው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ክፍያው በቁርጥ ከሆነ ያላጨዱበት እሑድ ያልተከፈለ እሑድ ነው። ባለማሳው ነጠላውን አጣፍቶ ሲያስቀድስ ማጭዱ ማሳው ላይ ከዋለ፣ ያ ሰው ሰንበትን አላከበረም፤ በሌላ ሰው ጀርባ ሽሯል። የሰንበት ትእዛዝ አገልጋዩን፣ በሬውንና በደጅ ያለውን መጻተኛ አብሮ የሚቆጥረው ለዚህ ነው።

መተማ «ዕረፍት» የሚለውን ቃል ክብደት በሌላ መንገድም ታውቃለች። የመተማው ውጊያ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ ዋለ፤ አፄ ዮሐንስ ያረፉት በማግሥቱ እሑድ ነው። አማርኛችን «አረፈ»ን ለሟችም ለደካማም እኩል ያድለዋል። ወባ ካልጣለው በቀር ጀርባውን የማያሳርፍ አጫጅ ባለበት ማሳ ይህ ቀልድ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ ነው፤ ቀኑ ይለያይ እንጂ ድካሙ ያው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ በተቻለ መጠንም እሑድ ይሁን ይላል። ሕጉ ብቻውን ማሳ ድረስ አይወርድም። ሰባክያን ሆይ፣ ሰሊጡ ሳይደርስ፣ ገና የቁርጥ ዋጋ ሲነጋገሩ፣ የእሑዱን ሒሳብ አብረው እንዲያስቡ ለባለማሳዎቹ ንገሩልን።